እሁድ ታጥበን እንመጣለን

ጋሽ ደምሴ ፎቶ ቤት ሥራ ስጀምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሁሉ ቆሜ ሳላነብ የማላልፍ፣ አፌም ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ልጅ ነበርኩ። ቤቱ ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በልብስ ሰፊና በጫማ መሸጫ መካከል የተጣበቀ ጠባብ ቤት። የመጀመሪያው ቀን ስሜን ጠየቁኝ።

«ብዙነሽ እባላለሁ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «የምን ብዙ?»

ሳምንት ሳይሞላ መልሱን ራሳቸው አገኙት። «ገባኝ፤ የወሬ ብዙ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «ብዙ» እንዳሉኝ ቀሩ።

ማረፋቸውን የነገረችኝ አስቴር ናት። አስቴርን ኋላ በደንብ ታውቋታላችሁ፤ ለአሁኑ የእማማ ሐና ልጅ፣ ቢሮ የምትሠራ ቁጥብ ሴት ብላችሁ ያዙልኝ። ስትደውል ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። «ብዙዬ፣ ጋሽ ደምሴ አረፉ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ የቀረውን ልብስ አስጥቼ ጨረስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ የታጠበ ልብስ ሳፋ ውስጥ ትቼ መሄድ አልሆነልኝም።

ደግሞ እኮ አልደነገጥኩም። ጋሽ ደምሴ እኔ ካወቅኋቸው ጀምሮ ደክሟቸው ነው የኖሩት። ጠዋት ገብቼ «ደህና አደሩ ጋሼ?» ስላቸው «ደክሞኝ አደርኩ» ይላሉ። ለደንበኛውም፣ ለልብስ ሰፊውም፣ ለግብር ሰብሳቢውም ያው ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ሕመም መሰለኝ። ምክንያቱን እስካውቅ ብዙ ቆየሁ።

ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። ሁልጊዜ ግራጫ ጋዋን ይለብሳሉ፤ ጥፍራቸው በፎቶ መድኃኒት ብዛት ቡና ዓይነት ሆኗል፤ አጠገባቸው ሲቆሙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ። ሰው ሲያነሱ «ሳቅ በሉ» ብለው አያውቁም። «ተንፍሱ» ነው የሚሉት። ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ደግሞ ፎቶው ላይ ሬሳ ይመስላል ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ደልዳላ ነጋዴ ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ።

«ተንፍሱ» አሉት።

«እየተነፈስኩ ነው ጋሼ።»

«አልተነፈሱም።»

«ካልተነፈስኩማ ሞቻለሁ!»

«ሆድዎን ይልቀቁት። የሚነሳው ከአንገት በላይ ነው፤ ሆድዎን ማንም አያየውም።»

ሰውዬው ሳቀ፤ እሳቸውም ሲስቅ አነሱት። ያን ጉርድ ፎቶ አሳድጎ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከባንኮኒው በስተኋላ አንድ ትንሽ ክፍል አለ፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ክፍሉ። በትንሿ ክፍል ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያለው። ግድግዳው ግን ከላይ እስከ ታች ዶልቤ ነው። ዶልቤ የጋሽ ደምሴ አገር ናት፤ መኪና ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ሲወርድ ውሎ የሚደርስባት፣ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። ሄጄባት አላውቅም። በፎቶ ግን ከሐዋሳው ታቦር ሰፈር ይልቅ አውቃታለሁ። የእንጨት ድልድይዋን አውቃለሁ። ወንዙ ዳር የሚቆመውን ገበያ፣ ልብስ አጥበው ቁጥቋጦ ላይ የሚያሰጡትን ሴቶች፣ ግማሾቹ ባለጫማ ግማሾቹ ባዶ እግር የሆኑበትን የኳስ ቡድን አውቃለሁ። አንድ የጭነት መኪና ወንዝ ሲሻገር ተቀርቅሮ፣ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ሲያይ የሚያሳይ ፎቶም ነበር። ሹፌሩ ጣሪያው ላይ ቆሞ ወደ ካሜራው ጡጫውን ይሰነዝራል። «ወንዙን አይደለም የሚሳደበው፤ እኔን ነው» ይሉኝ ነበር ጋሽ ደምሴ። ጋሽ ደምሴ ዶልቤ ላይ ብቸኛው ፎቶ አንሺ ነበሩ። እዚያ ከተማ ውስጥ በወጣትነታቸው ዘመን የሆነ ነገር ሁሉ ያለው እሳቸው ግድግዳ ላይ ነው።

መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ነበር። መጀመሪያ ሳየው የተቃጠለ መሰለኝ። ጎረምሶች ተደርድረው ቆመዋል፤ ከዓይናቸውና ከጥርሳቸው በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም። ፊታቸው ጥቁር ነው፤ የሰው ቆዳ ጥቁረት ሳይሆን የምድጃ ጥቁረት።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ሲታጠብ ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም። ከሰል ነው።»

እኔ ከሰል ሲባል በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚሸጠው ነው የመጣልኝ። «ከሰል ሻጮች ናቸው?»

«የድንጋይ ከሰል» አሉና ወደ ጨለማ ክፍሉ ገቡ።

ታሪኩን ባንድ ቀን አልነገሩኝም። እየቆራረሱ ሲነግሩኝ ገጣጥሜ የያዝኩት እንዲህ ነው። ዶልቤ ላይ፣ ከወንዙ አናት ባለው ኮረብታ ውስጥ ለፋብሪካ እሳት የሚሆን ከሰል ተገኘ ተባለ። ነጋዴ መጣ። የከተማው ጎረምሶች በዶማና በአካፋ ወደ ኮረብታው ሆድ ገቡ። ጣሪያውን የሚደግፍ እንጨት እንኳ በወጉ አልነበረውም። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ሲወጡ እየተላፉ በጋሽ ደምሴ ደጅ አለፉ። የጋሽ ደምሴ ታናሽ ወንድም ጌታሁንም አብሯቸው ነበር።

«እንዲህ እንዳለን አንሳን» አሏቸው።

«ታጠቡና ኑ።»

«አይ፣ አሁን ነው የምንነሳው። እናቶቻችን ያውቁን እንደሆነ እንይ።» ተሳሳቁ። «እሁድ ደግሞ ታጥበን እንመጣለን። ያኔ በኮት ታነሳናለህ። ሁለቱን ጎን ለጎን እንሰቅላቸዋለን።»

ተደረደሩ። ጋሽ ደምሴ «ተንፍሱ» አሏቸው። ዳር ላይ የቆመው ጌታሁን በዚህ ነገር ሁልጊዜ ይስቅ ነበርና ያኔም ሳቀ።

እሁድ አልደረሰም። ቅዳሜ ከላይ አገር ዘንቦ ወንዙ ሞላ፤ ውሃው ከታች በኩል ሰርጎ ገባና ኮረብታው ልጆቹ ውስጥ እንዳሉ ቁጭ አለ። የዶልቤ ሰዎች እንዲህ ነው የሚሉት፤ ተናደ አይሉም፣ ቁጭ አለ ነው የሚሉት፣ ልክ እንደደከመው ሰው። ወንዱም ሴቱም በእጁ ቆፈረ። ወንዙ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ተጸልዮበት፣ ጉድጓዱ እንዲዘጋ ሆነ። ከውስጥ የወጣ ሰው የለም። ሬሳም አልወጣም።

ጋሽ ደምሴ ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው፣ ፊልሙን በካርቶን አድርገው፣ ሐዋሳ መጡ።

ሐዋሳ ደግሞ እንደምታውቁት ከየትም የመጣ ሰው የሚሰበሰብባት ከተማ ናት። የዶልቤ ሰውም ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለልጅ ብሎ እየወጣ መጣ። መጥቶም አንድ ቀን ያቺን አግዳሚ ወንበር ማግኘቱ አይቀርም። መቃብር የላቸውማ! የሚሄዱበት ቦታ የለም። ስለዚህ የእኛ ፎቶ ቤት ይመጣሉ። ፊት ለፊት ጉርድ የሚነሳ፣ ፀጉሩን የሚያበጥር፣ ክራባት የሚዋስ ሰው ተኮልኩሎ፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የከሰሉን ፎቶ ታያለች። ጋሽ ደምሴ ገብተው አጠገቧ ይቀመጣሉ። አያጽናኑም፣ አይመክሩም፤ ይቀመጣሉ ብቻ። ሴትየዋ ስትሄድ ተነስተው «ደከመኝ» ይላሉ። ያኔ ነው የድካማቸው ምክንያት የገባኝ።

አንድ ደንብ ነበራቸው። ከዚያ ፎቶ ላይ የልጄን ብቻ ቆርጠህ አሳድግልኝ የሚላቸው ሰው ሲመጣ «ከዚህ ላይ ጉርድ አይወጣም» ይሉታል። አብረው ቆሙ፣ አብረው ገቡ፤ እኔ አልለያያቸውም ነበር ነገራቸው። ሰዉም ይህን ተቀብሎ ይሄድ ነበር፤ እማማ ሐና እስኪመጡ ድረስ።

እማማ ሐና ዘግይተው ነው ከዶልቤ የወጡት፤ ታቦር፣ አስቴር ቤት ሊኖሩ። አማርኛ የለመዱት ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ ለሴቱም ለወንዱም፣ ለትልቁም ለትንሹም ያላቸው አንድ «አንተ» ብቻ ነው። ከባጃጅ ወርደው፣ ከሹፌሩ ጋር ተጨቃጭቀው፣ ገቡና እኔ ላይ አፈጠጡ።

«አንተ ልጅ፣ ደምሴ የለም?»

ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ሰምተው ወጡ። የእማማ ሐናን ልጅ፣ ዳንኤልን ያውቁታል፤ ከፎቶው መሃል፣ እጁን ጓደኛው ትከሻ ላይ የጣለው ነው። አቀፏቸው፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው። እማማ ሐና ፎቶውን ትንሽ አዩና ዞሩ።

«ፎቶ ታጥባለህ አሉኝ።»

«አዎ እማማ፤ አጥባለሁ።»

«ዳንኤልን እጠብልኝ።»

እኔ ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ልስቅ አልኩና የጋሽ ደምሴን ፊት አይቼ ተውኩት።

«እማማ፣ ማጠብ የምንለው ሌላ ነው። ፊልሙን መድኃኒት ውስጥ ነክረን...»

«እኮ! በመድኃኒት ነው። እኔም ሳሙና እንደማይበቃው አውቃለሁ።»

«እሱ አይደለም። ከከሰሉ ሥር ፊት የለም እኮ። ካሜራው ያየው ከሰሉን ነው።»

«ፊት የለም?» እማማ ሐና ተነሱ። «እኔ የወለድኩት ልጅ ፊት የለውም?»

«አለው። ፎቶው ላይ የለም ነው የምልዎት። ልጠበው ብል ከራሴ ፈጥሬ መሣል ሊሆን ነው። የሰው ልጅ ፊት አልፈጥርም።»

«አጣቢ ነኝ ብለህ በር ላይ ጽፈሃል።»

እውነት ነው፤ በር ላይ «ፎቶ እናነሳለን፣ እናጥባለን» ይላል። እማማ ሐና ሄዱ፤ ተመልሰውም መጡ። ደግሞ መጡ። አንዳንዴ አይናገሩም፤ ያቺን ወንበር ይዘው ይቀመጡና፣ እንደ ወረፋ ጠባቂ ጊዜው ሲያልፍ ይሄዳሉ።

አንድ ቀን አስቴር ከቢሮዋ በምሳ ሰዓት መጣች። ወንድሟ ሲሞት ነፍስ ያላወቀች ሕፃን ነበረች። ሰላምታዋን አሳጥራ «ጋሽ ደምሴ፣ እባክዎ ቁርጥ አድርገው አይሆንም ይበሏት» አለች። «ከእርስዎ ዘንድ በመጣች ቁጥር እህል አትቀምስም።»

«ብያቸዋለሁ ልጄ።»

«ጠንከር አድርገው ይበሏት።»

«ጠንከር ለማለት ጉልበት ይጠይቃል» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ደክሞኛል።»

አስቴር እኔን አየችኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የደንበኛ ደረሰኝ መጻፍ ያዝኩ።

በሚቀጥለው ጊዜ እማማ ሐና ሲመጡ አልተቀመጡም። ጋሽ ደምሴ ለአንድ ተማሪ ፎቶ በመቀስ እየከረከሙ ነበር። እማማ ሐና ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ተናገሩ።

«አንተ፣ ስማኝ። እናቴን እኔ ነኝ ያጠብኳት። ባሌንም አጥቤዋለሁ። ሰው ሲሞት ይታጠባል፣ ከዚያ ይለብሳል፣ ከዚያ ይቀበራል። ይሄ ልጅ ከሥራ እንደወጣ ነው ያለው። ከነከሰሉ ነው። እኔ ማታ ሳይታጠብ እራት የማልሰጠው ልጅ ነው።»

መቀሱ ቆመ። ተማሪው «ጋሼ፣ አልቋል?» አለ። ፎቶውን ሰጡትና ወደ ኋላ ገቡ። ፎቶው ፊት ቆመው ቆዩ። ሲወጡ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«እሁድ ታጥበን እንመጣለን ብለውኝ ነበር» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለእማማ ሐና አላወቅኩም። ቀጥለው፣ «እማማ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ። አፍንጫው እንዴት እንደነበር እያሰቡ ይምጡ» አሉ።

ደንባቸውን ሻሩ። ዳንኤልን ከጓደኞቹ መሃል አውጥተው አሳደጉት፤ የጓደኛው ትከሻ ግን ጥግ ላይ ቀርቷል፣ እሱን ማውጣት አልፈለጉም። ከዚያ በቀጭን ብሩሽና በምላጭ ጫፍ፣ እየፋቁ እየቀቡ፣ ከሰሉን ማንሳት ጀመሩ። እማማ ሐና አጠገባቸው ተቀምጠው ይመራሉ። እኔ ፊት ለፊት ደንበኛ እያስተናገድኩ ጆሮዬ እዚያ ነው።

«ግንባሩ ሰፋ ይላል።»

«እንደ አስቴር?»

«አስቴር አባቷን ናት። እሱ የእኔን ወገን ነው።»

«እሺ፤ ጆሮው ግን ይሄውልዎት፣ ትልቅ ነው።»

«ትንሽ ነበር ጆሮው።»

«ፎቶው ላይ ትልቅ ነው እኮ እማማ።»

«ከሰል ሞልቶት ነው!»

ጋሽ ደምሴ ሳቁ። እኔ ያን ቤት ከረገጥኩ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አልሰማሁም።

ብዙ ቀን ፈጀ። አንዳንዱን ቀን ጉንጩን ብቻ ሠርተው ይለያያሉ። እማማ ሐና ሳያስቡት ሌላ ሌላውንም ያወራሉ፤ ዳንኤል ወንዙን እንዴት ይዋኝ እንደነበር፣ ቅቤ እንደሚጠላ፣ ሲዋሽ ቀኝ ቅንድቡ ከፍ እንደሚል። ጋሽ ደምሴ «የትኛው ቅንድቡ?» ብለው ብሩሹን ያቆማሉ። ያለቀ ዕለት አስቴርም ተጠርታ መጣች። ጋሽ ደምሴ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ግንባሩ ሰፊ፣ ጆሮው ትንሽ፣ ንፁህ፣ ነጭ ኮሌታ የለበሰ ልጅ።

እማማ ሐና ራቅ አድርገው አዩት፣ አቅርበውም አዩት።

«አይመስልም» አሉ።

አስቴር ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ደምሴ፣ ረጅሙ ሰውዬ፣ ትንሽ አጠሩ።

«ግድ የለም» አሉ እማማ ሐና። «የታጠበ ሰው አይመስልም። ባሌም ታጥቦ ሲያበቃ አልመሰለም ነበር፤ እናቴም። ሲታጠብ ሌላ ሰው ይሆናል። ለዚያ ነው መቅበር የሚቻለው።» ፎቶውን በነጠላቸው ጠቀለሉት። «አሁን ታጠበ። እግዜር ይስጥህ።»

ከዚያ እዚያው ባንኮኒው ፊት፣ ጉርድ ሊነሳ የመጣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በዶልቤ ዜማ አለቀሱ። ስንት ዓመት የቆየ ለቅሶ ነው። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ መጣ። አስቴር እናቷን ደግፋ ወሰደቻቸው። ከዚያ ዕለት በኋላ እህል ይቀምሱ እንደሆነ ጠይቄያት፣ «ትበላለች፤ እኔንም አስቸገረችኝ፣ ብላ ብላ እያለች» ብላኛለች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ወሬው ታቦርንም ዞረ፣ ዶልቤም ደረሰ። ሌሎቹ መጡ። እናት መጣች፣ ሚስት መጣች፣ አንድ ሽማግሌ አባት ልጃቸውን በቃል መግለጽ አቅቷቸው የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ «እሱን እያየህ ሥራ» ብለው። ጋሽ ደምሴ ለአንዷ እሺ ብለው ለሌላዋ እምቢ ማለት አልቻሉም። ሁሉንም አጠቡ፤ አንድ በአንድ፣ ዓመታት ፈጅተው። በዚህ መሃል ፊልም ቀረ፣ ኮምፒዩተር መጣ፣ ሰው ሁሉ በእጁ ስልክ ይዞ ፎቶ አንሺ ሆነ። ፎቶ ቤቱ ቀዘቀዘ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ፊት እያጠቡ ነበር። ዓይናቸው ደከመ። ከእያንዳንዷ ሴት ጋር የሟቹን ሕይወት እንደ አዲስ ይኖሩታል፤ ሲጨርሱ ደግሞ እንደ አዲስ ይቀብሩታል። ሰው ስንት ጊዜ ይቀብራል?

በመጨረሻ ዳር የቆመው ብቻ ቀረ፣ ጌታሁን።

እማማ ሐና ጥየቃ በመጡ ቁጥር ያነሱባቸዋል። «የሰውን ሁሉ አጥበህ የራስህን ወንድም ከነከሰሉ ትተወዋለህ?»

«የእኔ ይቆየኝ እማማ።»

«ምን ያቆየዋል? አንተ ወንድሙ ነህ። ነጋሪ አያስፈልግህም።»

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ረስቼዋለሁ» አሉ።

መነጽራቸውን በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ።

«የሌላውን እናንተ ነግራችሁኝ ነው የሠራሁት። የእሱን ላስብ ስል የሚመጣብኝ ይሄ ፎቶ ነው። በየቀኑ ሳየው፣ ሳየው፣ ፊቱን ፎቶው በላብኝ። ወርቄ ታውቀዋለች። እሷ ናት አዝላ ያሳደገችው።»

ወርቄ ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ ዶልቤ የቀሩት።

«ታዲያ ትምጣ!»

«ስንት ጊዜ ላክሁባት። ኮረብታውን ለማን ትቼ ልምጣ ትለኛለች።»

«አንተ ሂድ።»

ጋሽ ደምሴ ከወጡ ወዲህ ዶልቤን ረግጠው አያውቁም። እሳቸው አይወርዱም፣ እህታቸው አይወጡም፤ በሁለቱ መካከል ጌታሁን ከነከሰሉ ቆሟል።

እኔ አግብቼ ሥራውን ስተው እንኳ ብቅ ማለቴን አልተውኩም። እማማ ሐና አረፉ፤ አስቴር የእሳቸውን ፎቶ ከታጠበው ከዳንኤል አጠገብ ሰቀለችው። ፎቶ ቤቱም የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆነ፤ ጋሽ ደምሴ ተከራዩዋን ለምነው የኋላዋን ክፍል ብቻ አስቀሩ። መጨረሻ ያየኋቸው ጊዜ ጌታሁንን አሳድገው፣ መስታወት አድርገውለት፣ ጠረጴዛው ላይ አቁመውታል። ብሩሹ አጠገቡ ነው። ደርቋል።

«ደህና ከረሙ ጋሼ?»

«ደክሞኝ ከረምኩ።» ወንበሩን አመለከቱኝ። «ብዙ፣ ነይማ። አንቺ ወሬ አታጪም። እስቲ ስለ እሱ የሆነ ነገር ፍጠሪልኝ። ጉንጩ እንዲህ ነበር በይኝ። ውሸትም ቢሆን ግድ የለም፤ ልጀምርበት።»

አየሁት። ዓይንና ጥርስ ነው። የሚስቅ ጥርስ። ዕድሜዬን ሙሉ ያላጣሁትን ወሬ ያን ቀን አጣሁ።

«አይዞሽ» አሉኝ፣ ጭራሽ እኔን እያጽናኑ። «ሻይ እንጠጣ።»

ሲያርፉ ድንኳኑን የጣለው ሐዋሳ ያለው የዶልቤ ሰው ነው። ያጠቧቸውም የዶልቤ ወንዶች ናቸው። ከመገነዛቸው በፊት ለስንብት ስገባ ፊታቸውን አየሁ። አይመስሉም ነበር። እማማ ሐና ትዝ አሉኝ።

እትዬ ወርቄ የደረሱት ከቀብር በኋላ ነው። አጭር፣ ጠንካራ፣ እግራቸው በመንገድ ያበጠ ሴት። ድንኳኑ ውስጥ አልቅሰው ሲያበቁ «የሚሠራበት የት ነው?» አሉ። እኔና አስቴር ይዘናቸው ሄድን። የስልክ ሽፋን የምትሸጠው ልጅ ደግ ናት፤ ወንበር አቀበለች፣ ውሃ አመጣች። እትዬ ወርቄ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን አዩ። ድልድዩን፣ ገበያውን፣ የተቀረቀረውን መኪና። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጌታሁንን አነሱ።

«እማዬ፣ ይሄን እኮ ስልኬ አሁኑኑ ያጸዳዋል» አለች ልጅቷ። በቅንነት ነው። ፎቶውን በስልኳ አነሳችው፣ ነካ ነካ አደረገችና ስልኩን አሳየቻቸው። ከሰሉ ጠፍቷል። ቀይ፣ ጥርሱ የተደረደረ፣ ማስታወቂያ ላይ የሚወጡትን የመሰለ ልጅ ፈገግ ብሏል።

እትዬ ወርቄ አዩት። «ያምራል» አሉ። «የማን ልጅ ነው?»

ልጅቷ ስልኳን መለሰች።

አስቴር አጠገባቸው ተቀመጠች። «እትዬ ወርቄ፣ በእጅ የሚሠራ ሰው እንፈልጋለን። እርስዎ መልኩን ይንገሩን። ጋሽ ደምሴ የሚጠብቁት እርስዎን ነበር።»

እትዬ ወርቄ መስታወቱ ላይ፣ ቅንድቡ ባለበት በኩል ጣታቸውን አኖሩ። «እዚህ ጋ ጠባሳ ነበረው» አሉ። «ከበቅሎ ወድቆ። ደምሴ ነው ያስፈነጠረው፤ ለእናታችን ግን ራሱ ነው የወደቀው ብለን ዋሸን፣ ሦስታችንም። ሲስቅ ደግሞ...»

እኔ ወደፊት አጎነበስኩ። አስቴርም። እትዬ ወርቄ ግን አፋቸው ላይ የደረሰውን መለሱት።

«ደምሴ ከሌለ ለማን ነው የምናገረው?» አሉ።

ጌታሁንን ሳይታጠብ ነጠላቸው ውስጥ አደረጉት። አስቴር የጋሽ ደምሴን ጉርድ ፎቶ አሳድጋ፣ መስታወት አስገብታ ሰጠቻቸውና እሱንም ጨመሩት። በማግስቱ መኪና አሳፈርናቸው።

ሰሞኑን ስልክ ደውዬላቸው ነበር። ሁለቱን ወንድሞቻቸውን ሳሎናቸው ውስጥ ጎን ለጎን ሰቅለዋቸዋል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሁለቱንም መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ያጥባሉ።